የትምህርት ቤት ሜዳ ይጠበቅ፣ የሚስዮን ትምህርት ቤቶቻችን የስፖርት ታሪክም ይጻፍ

ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ለሐረሪ ክልል ትምህርት ቢሮ
ለሐረር ሐዋርያዊ ቪካሪያት የትምህርት ክፍል
እንዲሁም ለድሬዳዋና ለሐረር ሕዝብ

የተከበራችሁ ኃላፊዎችና ወገኖች፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በድሬዳዋ ትምህርት ቤቶች ለረጅም ዘመን የሰውነት ማጎልመሻ ትምህርት ሳስተምር ቆይቼ በጡረታ ከተገለልሁ በኋላ ነው። በከተማችንና በሐረር ያሉ ትምህርት ቤቶች፣ በተለይም ሰፊ ግቢ የወረሱት የካቶሊክ ሚስዮን ትምህርት ቤቶች፣ በቀረው የመጫወቻ ሜዳቸው ላይ ሕንፃ እንዳይሠራ በጽሑፍ እንዲታገድ፣ በሜዳው ላይ የሚቆመው መምህርም ሥራው ሥር ሳይሰድ ከቦታ ቦታ እንዳይዛወር እጠይቃለሁ። ማመልከቻ አስገብቶ መልስ መጠበቅ ሲቻል በአደባባይ መጻፌ ጉዳዩ የአንድ ቢሮ ብቻ ባለመሆኑ ነው፤ ፈቃዱን አንዱ ያድሳል፣ የግንባታውን ፕላን ሌላው ያጸድቃል፣ መምህሩን ሦስተኛው ያዛውራል፣ ግቢው ደግሞ የቤተ ክርስቲያን ወይም የባለሀብት ነው፤ በዚህ ሁሉ መካከል ሜዳው ጠያቂ ያጣል። በደብዳቤው የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ነገሩን ለማስረዳት ከራሳችን ከተማ አልጀምርም፤ ከጎረቤት አገር ከኬንያ እጀምራለሁ። ኢተን የምትባለው ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ የኬሪዮን ሸለቆ ቁልቁል እያየች የተቀመጠች ትንሽ ከተማ ናት። በዚያች ከተማ ቅዱስ ፓትሪክ የሚባል የካቶሊክ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አለ፤ ከዚህ ትምህርት ቤት የወጡትንና በግቢው መምህር እጅ ያለፉትን ሯጮች የሚያክል ቁጥር ያላቸው ትልልቅ አገሮች እንኳ ጥቂት ናቸው። የሩጫ ነገር በተነሣ ቁጥር በእኛ ዘንድ የሚሰጠው ምክንያት የታወቀ ነው፤ ከፍታው ነው፣ አየሩ ነው፣ ወተቱ ነው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት በሩጫ ስለሚመላለሱ ነው ይባላል። ከእነዚህ ውስጥ ፈጽሞ ሐሰት የሚባል ላይኖር ይችላል። ነገር ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያፈራ ቢሆን ኖሮ ከድሬዳዋ ወደ ሐረር ከሚያስወጣው ከደንገጎ ዳገት በላይ ያለው አገራችን ለራሱ አልፎ ለሌላው በተረፈ ነበር። ሐረማያ 2,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ጋራ ሙለታ ከ3,000 ሜትር ያልፋል፤ ወተቱም አለ፣ ልጆቹም ረጅም መንገድ በእግራቸው ይሄዳሉ። በእኛ በኩል የጎደለው ተፈጥሮ ሳይሆን ትምህርት ቤቱ ነው።

የቅዱስ ፓትሪክን ትምህርት ቤት በ1960ዎቹ መባቻ፣ ኬንያ ነፃ ከመውጣቷ አስቀድሞ የከፈቱት የቅዱስ ፓትሪክ ወንድሞች የሚባሉ የአየርላንድ መነኮሳት ናቸው። ማኅበሩ በ1808 ቱሎ በምትባል የአየርላንድ ከተማ በጳጳሱ በዳንኤል ዴላኒ የተመሠረተ ሲሆን፣ አባላቱ ቅዳሴ የሚቀድሱና ቁምስና የሚያስተዳድሩ ካህናት ሳይሆኑ፣ ሕይወታቸውን ለማስተማር የሰጡ ወንድሞች ናቸው። ይህ ልዩነት የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ጥቃቅን ነገር ይመስል ይሆናል፤ ለስፖርት ግን ትልቅ ትርጉም አለው። ካህን ከሰዓት በኋላ የታመመ ይጠይቃል፣ ሟች ይቀብራል፣ ባልና ሚስት ያስታርቃል፤ ወንድም ግን ደወሉ ከተደወለ በኋላም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፣ ቤቱም ሥራውም ትምህርት ቤቱ ነው። ሚስት፣ ልጅና የቤት ኪራይ ያለው መምህር ይህን ሁሉ ሰዓት እንዲሰጥ መጠየቅ እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

በ1976 ኮልም ኦኮኔል የሚባል ወጣት ወንድም የጂኦግራፊ መምህር ሆኖ ከአየርላንድ ወደ ኢተን መጣ። የአትሌቲክስ ሥልጠና የወሰደ፣ ራሱም በሩጫ ስም ያተረፈ ሰው አልነበረም። በዚያ ጊዜ የትምህርት ቤቱን ሯጮች የሚያሠለጥነው ፒት ፎስተር የሚባል እንግሊዛዊ መምህር ሲሆን፣ ይህ ሰው በዚያው ዓመት በሞንትሪያል ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር የነሐስ ሜዳሊያ ያገኘው የብሬንዳን ፎስተር ወንድም ነው። (በዚያ ኦሎምፒክ ኬንያም ኢትዮጵያም አልተካፈሉም፤ ምሩጽ ይፍጠር ቢኖር ኖሮ ሜዳሊያው ለማን ይደርስ እንደነበር የሚከራከሩ ሰዎች ዛሬም በየቡና ቤቱ አሉ።) ፎስተር ወደ አገሩ ሲመለስ ሥራው በኮልም እጅ ወደቀ። ኮልም በመጀመሪያ ያደረገው ልጆቹ ሲሮጡ ማየት ነው። እግር እንዴት እንደሚነሣ፣ ክንድ እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ ማን ከማን ጋር ሲሮጥ እንደሚቀለው፣ ማን ሲደክመው ትከሻው እንደሚወጠር እያየ ተማረ። ለጥቂት ጊዜ ብሎ የመጣ ሰው ርእሰ መምህር እስከመሆን ደረሰ፤ ከዚያ ኃላፊነት ከተሰናበተ በኋላም ከከተማዋ ሳይለቅ ማሠልጠኑን ቀጠለ።

ፍሬው የታየው ዓመታት ካለፉ በኋላ ነው። የትምህርት ቤቱ ልጅ ኢብራሂም ሁሴን በ1987 የኒው ዮርክን ማራቶን፣ በ1988 ደግሞ የቦስተንን ማራቶን ሲያሸንፍ በሁለቱም ከተሞች የመጀመሪያው አፍሪካዊ አሸናፊ ሆነ፤ ቦስተንን በ1991ና በ1992 ደግሞታል። ፒተር ሮኖ በ1988 በሴኡል ኦሎምፒክ ገና በ21 ዓመቱ የ1,500 ሜትር ወርቅ ወሰደ። ማቲው ቢሪር በ1992 በባርሴሎና የ3,000 ሜትር መሰናክል ወርቅ አገኘ። ዊልሰን ኪፕኬተር ደግሞ በኋላ ለዴንማርክ እየሮጠ በ800 ሜትር ሦስት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ፣ በ1997 ያስመዘገበውም 1 ደቂቃ ከ41.11 ሰከንድ ለ13 ዓመታት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆየ። ይህን ክብረ ወሰን በ2010 የሰበረው ዴቪድ ሩዲሻም በኮልም የሠለጠነ ነው፤ በ2012 በለንደን ኦሎምፒክ 1 ደቂቃ ከ40.91 ሰከንድ ሲሮጥ ወሰኑን ከፍ ያደረገው ከዚያው መምህር ጋር ሆኖ ነው። ሩዲሻ ግን የቅዱስ ፓትሪክ ተማሪ አልነበረም፤ የተማረው እዚያው አካባቢ በሌላ ትምህርት ቤት ነው። ይህን የማነሣው ታሪኩን በትክክል ለመናገር ብቻ አይደለም። የትምህርት ቤቱ ልማድ ከአጥሩ ወጥቶ የከተማው ሁሉ ልማድ መሆኑን ስለሚያሳይ ነው። የወንዶች ትምህርት ቤት ቢሆንም ሥልጠናው ለሴቶች ልጆች ተከፈተ፤ በ2007 በኦሳካ የ800 ሜትር የዓለም ሻምፒዮን የሆነችው ጃኔት ጄፕኮስጌ በዚሁ መምህር እጅ ያለፈች ናት። ከ1989 ጀምሮም በትምህርት ቤት የዕረፍት ወራት ከየቦታው ለተሰበሰቡ ወጣቶች ካምፕ ይዘጋጅ ነበር። በቅዱስ ፓትሪክ ግቢ ውስጥ ለስመ ጥር ሯጮች ማስታወሻ የተተከሉ ዛፎች አሉ፤ አዲስ የሚገባ ተማሪ ወደ ክፍል ሲሄድ በእነሱ ጥላ ሥር ያልፋል። እንዲህ ያለ ልማድ ገንዘብ ሳይሆን ቦታና ዘመን ይጠይቃል።

የሰው አገር ብቻ ለምን ታወራለህ የሚለኝ ቢኖር፣ በቆጂም አለችልን። በባርሴሎና ቢሪር ባሸነፈበት በዚያው ኦሎምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ የወሰደችው ደራርቱ ቱሉ የበቆጂ ልጅ ናት። ደራርቱንም፣ ፋጡማ ሮባንም፣ ቀነኒሳ በቀለንም፣ ጥሩነሽ ዲባባንም በልጅነታቸው ያሠለጠነው አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ሥራውን የጀመረው በትምህርት ቤት የሰውነት ማጎልመሻ መምህርነት ነው። በቆጂ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ከተማ አይደለችም፤ ወንድምም መነኩሴም የለባትም። ሜዳና ሳይሄድ የቆየ መምህር ግን ነበራት። ስለዚህ ከኢተን የምንወስደው የመነኮሳቱን ልብስ አይደለም።

አሁን ወደ ቤታችን እመጣለሁ፤ ሐረርና ድሬዳዋ በካቶሊክ ትምህርት ታሪክ ከኢተን እጅግ ይቀድማሉና። ሕዝባችን አባ ማስያስ የሚላቸው ጉሊየልሞ ማሳያ የሚመሩት ቪካሪያት (ገና ሙሉ ሀገረ ስብከት ያልሆነ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አስተዳደር) የተቋቋመው በ1846 ሲሆን፣ ተከታያቸው ጳጳስ ቶሪን ካኛኝ ካፑቺን ከሚባለው የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ሚስዮናውያን ጋር ሐረር የገቡት ከተማዋ በግብፆች እጅ ሳለች በ1881 ነው። ከእሳቸው በኋላ አቡነ እንድርያስ ብለን የምናውቃቸው ፈረንሳዊው አንድሬ ዣሩሶ በ1900 የቪካሪያቱ ኃላፊ ሆነው አብዛኛውን ዕድሜያቸውን በሐረር ምድር አሳለፉ፤ ፋሽስት ኢጣሊያ አገሪቱን ከያዘ በኋላ እንዲወጡ ተገድደው በ1941 በአገራቸው በቱሉዝ ከተማ አረፉ። ራስ መኮንን ለልጃቸው ለተፈሪ መምህር በፈለጉ ጊዜ የተመረጡት የሚስዮኑ ተማሪ የነበሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። እኚህ መምህር በ1915 በሐረማያ ሐይቅ ጀልባ በሰጠመ ጊዜ ሕይወታቸው ሲያልፍ፣ ተማሪያቸው ደጃዝማች ተፈሪ ከሞት ተርፈው በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ተብለው ነገሡ። ድሬዳዋ ደግሞ በ1902 መጨረሻ ባቡር ሲደርስ የተወለደች ከተማ ናት፤ ከባቡሩ ጋር ፈረንሳይኛ፣ ከፈረንሳይኛውም ጋር የሚስዮን ትምህርት መጣ።

ይህ ታሪክ በተነገረ ቁጥር ንጉሡ ይነሣሉ፣ አባ ሳሙኤል ይነሣሉ፣ ፈረንሳይኛው ይነሣል። ሜዳው ግን አይነሣም። ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከልጆች ጋር ኳስ ስለሚመቱ ካህናት፣ በእሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለሚደረግ ግጥሚያ፣ በትምህርት ቤቶች መካከል ስለነበረ ፉክክር የሚያወሩ አዛውንቶች በድሬዳዋ ሰፈሮች በከዚራም በመጋላም አሉ። ወሬው ከአፍ ወደ ጽሑፍ ሳይገባ ግን ባለወሬዎቹ እያለቁ ነው። ሰነዶችም ቢሆኑ በኢጣሊያ ወረራ ሚስዮናውያኑ ሲባረሩ፣ በ1975 ደርግ የግል ትምህርት ቤቶችን ሲወርስ፣ በ1977 የሶማሊያ ጦር ከተማዋን ሲያጠቃ፣ በ2006 ክረምት ደግሞ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 የሚበልጥ ሰው ይዞ ሲሄድ ያለፉትን መከራ አልፈዋል። ከዚህ ሁሉ የተረፈ ፎቶግራፍ፣ የተማሪ መዝገብ ወይም የውድድር ደብተር በቪካሪያቱ ቤቶች ውስጥ ካለ፣ አብዛኛው በፈረንሳይኛ እንደሚሆን እገምታለሁ፤ ፈረንሳይኛ የሚያነቡ የባቡር ጡረተኞች በሕይወት ሳሉ ይነበብ። እነዚህ ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው፤ ክፍያም አይጠይቁም፣ የሚያጫውታቸው ካገኙ ደስታቸው ነው።

የከተማዋን የእግር ኳስ ዝና ለአንባቢ ማስታወስ አያስፈልግ ይሆናል፤ ቢሆንም ወጣቶቹ የማያውቁት ሆኖ ስላገኘሁት በአጭሩ እላለሁ። ኮተን የምንለው የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1960ዎቹ ውስጥ የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ዋንጫን ደጋግሞ ወደ ድሬዳዋ አምጥቷል። በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ያነሣው ብሔራዊ ቡድን አምበል ሉቺያኖ ቫሳሎ የኮተንን ማልያ የለበሰ ተጫዋች ነው። የአፍሪካ ክለቦች ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲደረግ ለመጨረሻው ውድድር በ1965 አክራ ከተሰበሰቡት አራት ቡድኖች አንዱ ኮተን ሲሆን፣ የወደቀው በግማሽ ፍጻሜው በማሊው ስታድ ማሊየን 3 ለ 1 ተሸንፎ ነው። በ1976 የአፍሪካ ዋንጫ በአገራችን ሲደረግ ደግሞ ከሁለቱ ምድቦች አንዱ በድሬዳዋ ስታዲየም ተጫወተ፤ ናይጄሪያ፣ ሞሮኮ፣ ሱዳንና ዛየር እዚህ ነበሩ፤ በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ጉዞዋን የጀመረችው በእኛ ሜዳ ነው።

ኮተንን ያቆመው ፋብሪካው እንጂ ትምህርት ቤት አይደለም፤ ቫሳሎም ኳስን የተማረው አሥመራ ነው። ይህን አልሰውርም። ነገር ግን ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለእኔ ክርክር ይበልጥ ያግዘዋል። ፋብሪካ ሲደክም ቡድኑም ደከመ። ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት የተከለው ስፖርት ድርጅቱ ሲናጋ አብሮ ይናጋል፤ ትምህርት ቤት ግን መንግሥት ቢለወጥም ስሙ ቢቀየርም በየመስከረሙ አዲስ ልጅ ይቀበላል። ኢተን ከድሬዳዋ የተለየችው በዚህ ነው፤ የእኛ ዝና የቆመው በፋብሪካና በባቡር ላይ ነበር፣ የእነሱ የቆመው በትምህርት ቤት ግቢ ላይ ነው።

ዛሬ ያለውን ሁኔታ ለማታውቁት አልነግራችሁም፤ በሥራ ጉብኝት የምታዩት ነው። ስሙን የማልጠቅሰው፣ እኔ ራሴ ያስተማርሁበት ትምህርት ቤት ሁለት የእግር ኳስ ሜዳ የሚያክል ግቢ ነበረው። በመጀመሪያ በአንደኛው ጫፍ ተጨማሪ ክፍሎች ተሠሩ፤ ማንም አልተቃወመም፣ እኔም አልተቃወምሁም፣ ልጅ መሬት ላይ ተቀምጦ ሲማር ክፍል አይሠራ ማለት አይቻልምና። ቀጥሎ በመንገዱ በኩል ያለው አጥር ለሱቅ ተከራየ። ከዚያ መጋዘን፣ ከዚያ የመኪና ማቆሚያ። በመጨረሻ ልጆቹ በሰውነት ማጎልመሻ ክፍለ ጊዜ በሁለት ሕንፃዎች መካከል ባለ ሲሚንቶ ላይ እጃቸውን ወደ ላይና ወደ ታች እያደረጉ የሚቆሙ ሆኑ፤ ፈተና ሲቃረብ ያችውም ክፍለ ጊዜ ለሒሳብ ትሰጣለች። ውሳኔዎቹን አንድ በአንድ ብታዩአቸው ክፉ ሰው የወሰነው አታገኙም። ሜዳው የጠፋው በጥፋት ሳይሆን በጥቂት በጥቂቱ፣ ሁሉም በቂ ምክንያት ባለው ውሳኔ ነው። ስለዚህ ነው የእያንዳንዱን ርእሰ መምህር በጎ ፈቃድ ሳይሆን የቢሮ እገዳ የምጠይቀው።

የሚቀርቡትን መከራከሪያዎች አውቃቸዋለሁ። የክፍል ጥበት አለ፤ እውነት ነው፣ ግን ወደ ጎን ከመሥራት ወደ ላይ መሥራት ይቻላል፣ ፎቅ የሚከብደው ለበጀት እንጂ ለመሬት አይደለም። የድሬዳዋ ሙቀት ልጅ አያስሮጥም የሚሉም አሉ። ቀትር ላይ አያስሮጥም፤ ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ግን ከተማችን ለሩጫ የተመቸች ናት፣ ከ11 ሰዓት በኋላም ነፋሻ ናት፤ ኮተንም ሻምፒዮን የሆነው በዚህችው ሙቀት ነው። ሐረር ደግሞ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች ይህ ሰበብ ከነጭራሹ አይሠራላትም። ሌላው መከራከሪያ ግቢ ለውጭ ልጆች ከተከፈተ ንብረት ይጠፋል የሚለው ነው። ለዚህ መልስ የምሰጠው በሌላ ጥያቄ ነው፤ ከሰዓት በኋላ የትምህርት ቤቱ በር ሲዘጋ ልጁ የት ይሄዳል? በዚህ አገር ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ እንደሚቀመጥ ሁላችንም እናውቃለን፤ ወንድም፣ አጎት፣ ጎረቤት ተቀምጦ ያያል፣ እሱም ይቀመጣል። ልጁን ከዚያ ሊያነሣው የሚችል ነገር በዚያው ሰዓት የሚከፈት መሆን አለበት። በደቻቱ አሸዋ ላይ የሚጫወቱትን ልጆች ተመልከቱ፤ ወንዙ መቼ ሊሞላ እንደሚችል እያወቁ እዚያ የሚጫወቱት ሌላ ቦታ ስላጡ ነው።

እንግዲህ ከትምህርት ቢሮዎቹ የምጠብቀው ይህ ነው። የእያንዳንዱ ትምህርት ቤት ሜዳ፣ የመንግሥትም ሆነ የግል ወይም የቤተ ክርስቲያን፣ ተለክቶ ይመዝገብ፤ የተመዘገበውን ሜዳ የሚቀንስ ፕላን የትምህርት ቢሮ ፊርማ ሳይኖርበት እንዳይጸድቅ ከግንባታ ፈቃድ ሰጪው ጋር ስምምነት ይደረግ፤ አዲስ ፈቃድ ሲሰጥና ነባሩ ሲታደስም ሜዳው በዓይን ይታይ። የኪራይ ሜዳ ውል ይዞ የሚመጣ አዲስ ትምህርት ቤት ውሉ ምን ያህል ዓመት እንደሚቆይ ይጠየቅ፤ ውል ሲያልቅ ሜዳ የሌለው ትምህርት ቤት ይዘን እንቀራለንና።

ስለ መምህራኑ ቀደም ሲል ያቆየሁትን ላንሣ። ወንድም ኮልም ቤተሰብ የሌለው መነኩሴ ነበር፤ የእኛ መምህር ቤተሰብ አለው። ስለዚህ ከሰዓት በኋላ በሜዳ ላይ የሚያሳልፈው ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ የክፍል ጭነቱ ይቀነስለት፣ ወይም የሚገባው አበል ይከፈለው። ጥሩ የሠራ የስፖርት መምህር ሽልማቱ ወደ ወረዳ ጽሕፈት ቤት መዛወር መሆኑን በዘመኔ ደጋግሜ አይቻለሁ፤ ሰውየው ወንበር ያገኛል፣ ልጆቹ ግን አሠልጣኝ ያጣሉ። አንድ ልጅ 12 ዓመት ሲሆነው ያየው መምህር በ18 ዓመቱ እዚያው ሊያገኘው ካልቻለ፣ ሥልጠናው ሁልጊዜ ከሀ ይጀምራል። ለሚዛወር ሳይሆን በቦታው ለሚቆይ የስፖርት መምህር የእርከን ዕድገት የሚሰጥ መንገድ ቢፈለግ ለከተማው ከአንድ ስታዲየም እድሳት የበለጠ ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ፤ ወጪውም ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው።

ለቪካሪያቱ የማቀርበው ልመና በመጠኑ ይለያል። እናንተ ከማንም በላይ ሜዳም ታሪክም አላችሁ። ግቢዎቻችሁ የተከለሉት መሬት ርካሽ በነበረበት ዘመን ነው፤ ዛሬ የምትሸጡት ወይም የምትሠሩበት እያንዳንዱ ካሬ ሜትር ነገ በምንም ዋጋ አይመለስም። በትምህርት ቤቶቻችሁ ውስጥ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም፣ የኦሮሞውም የሶማሌውም፣ የአማራውም የሐረሪውም ልጅ አንድ ማልያ ለብሶ እንደሚጫወት ከተማው ያውቃል፤ ይህን በስብከት ሳይሆን በኳስ የምታደርጉት በመሆኑ ጠላት የለውም። የሚስዮን ትምህርት ቤቶችን የስፖርት ታሪክ የሚሰበስብ አንድ ሰው መድቡ፤ አሮጌዎቹ ፎቶግራፎች ይቀዱ፣ በእነሱ ላይ ያሉት ልጆች ማን ማን እንደሆኑ የሚያውቁ አዛውንቶች ይጠየቁ፣ የተገኘውም በየትምህርት ቤቱ ኮሪደር ይሰቀል። የቀድሞ ተማሪዎችም በአዲስ አበባ፣ በጅቡቲ፣ በፈረንሳይና በካናዳ ተበትነው ያሉ ናቸው፤ በሳጥናቸው ውስጥ ያለውን እንዲልኩ ቢጠየቁ የሚከለክሉ አይመስለኝም። ሴቶች ልጆችም አይዘንጉ፤ የወንዶች ሜዳ ተብሎ የኖረው ከሰዓት በኋላ ለእነሱም የተለየ ሰዓት ይኑረው። በዚህ ረገድ ኢተን ከእኛ ቀድማለች።

በመጨረሻም ስለ መለካቱ አንድ ነገር ላክል። የባለሙያ እጥረት አለ እንዳይባል፣ በድሬዳዋም በሐረርም ያለን ጡረተኛ የስፖርት መምህራን ተነጋግረን ሜትር ይዘን በየትምህርት ቤቱ ዞረን ሜዳዎቹን ለመለካት፣ ያገኘነውንም በቅጽ ሞልተን ለማስረከብ ፈቃደኞች ነን። ደመወዝም ውሎ አበልም አንጠይቅም። የምንፈልገው በየበሩ ለጥበቃ የምናሳየው፣ ማኅተም ያለበት የትብብር ደብዳቤ ብቻ ነው፤ ሥራውን የዚህ ዓመት ትምህርት ከመዘጋቱ በፊት ለመጨረስ እንድንችል ደብዳቤው በቶሎ እንዲጻፍልን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር
ከዚራ፣ ድሬዳዋ